ለባላገሩ ገጸ ባሕርይ ስም ስጡት፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የመዝናኛ ክፍል ኃላፊዎች፣
ለአስቂኝ ጭውውቶች ደራስያን፣ አዘጋጆችና ተዋንያን፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በየሳምንቱና በየበዓሉ ስለሚመላለሰው የገጠር ሰው

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንንም የድራማ ክበብ እመራለሁ። ጭውውቶቻችሁን ከልጅነቴ ጀምሮ ስከታተል የኖርሁ ሰው ነኝ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ሲሰበሰብ፣ ዜናው እስኪያልቅ እየተቁነጠነጥን የምንጠብቀው እናንተን ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ በየቤቱ ገብቶ፣ ጣቢያውም በዝቶ፣ የበዓል ጭውውት ሲጀምር አሁንም ሳሎኑ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ይህን የተቆጣ ሰው ደብዳቤ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታነቡት እለምናችኋለሁ። ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣሁት ግን ከእናንተ ብዙ ስለምጠብቅ ነው።

ሰውዬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁምጣ ለብሷል፤ የቆሸሸ ጋቢ ደርቧል፤ ዱላውን በትከሻዎቹ ላይ አጋድሞ እጆቹን አንጠልጥሎበታል። ዘመድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ገብቷል። ሊፍት ሲከፈት ያማትባል፤ ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፤ ምግብ ቤት ተቀምጦ የእጅ መጥረጊያውን ወረቀት ይበላል። ሴት ከሆነች ደግሞ የቤት ሠራተኛ ናት። እመቤቷ ያዘዘቻትን ሁሉ አጣምማ ትሰማለች፤ የተሰጣትን ዕቃ ሁሉ ትሰብራለች፤ በመጨረሻም በጩኸት ትባረራለች። ሰውዬው አንድ ሳምንት ከመንዝ መጣ ይባላል፣ በሌላው ሳምንት ከጎጃም፣ በሦስተኛው ከወሎ። አነጋገሩ ግን ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው፤ ከሦስቱም አገር አንድ ሰው እንዲያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ስሙን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ብዙውን ጊዜ ስም አይሰጠውምና።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሊፍት ይፈራ ነበር። ተማሪዎቼ ዛሬ በሚያዩት ጭውውት ውስጥም ሊፍት ይፈራል። በዚህ መካከል ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል፤ የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለውባታል፤ የአካባቢው ገበሬ ለብቅል የሚሆን ገብስ በውል እያመረተ ያስረክባል፤ ከጠራ ወይም ከሞላሌ ገበያ የሚመለስ ሰው የበግ ሽያጩን ገንዘብ በቴሌብር ለልጁ ይልካል። የእናንተ ባላገር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም። አንድ ገጸ ባሕርይ ይህን ያህል ዘመን ሲመላለስ ኖሮ ምንም ካልተማረ፣ ምንም ካልፈለገ፣ ማንንም ካልወደደና ማንንም ካልጠላ፣ ገጸ ባሕርይ ነው ለማለት እቸገራለሁ። አልባሳት ነው። ተዋናዩ ይለብሰዋል፣ ያወልቀዋል፤ ውስጡ ሰው የለም።

የሚመላለስ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም እኔ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን ምሳሌ ላንሣ። ሚስተር ቢን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ነው፤ ክፍሎቹም 15 ብቻ ናቸው። በደሴ መስመር አውቶቡስ ላይ ሲታይ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ እናት ከልጅ ልጃቸው እኩል ሲስቁ አይቻለሁ። ለምን ይመስላችኋል? ሮዋን አትኪንሰን የሠራው ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የማያውቀውን ነገር ማንንም መጠየቅ አይሆንለትም። መዋኛ ቦታ ሄዶ ከፍተኛው መዝለያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ መዝለልም መውረድም ያቅተዋል፤ ቢሆንም ፈራሁ አይልም። የገና ቱርክ ሲያዘጋጅ ጭንቅላቱ ቱርኩ ውስጥ ይቀረቀራል፤ እንዲያም ሆኖ ነገሩን ብቻውን ለመፍታት ይታገላል። ስሕተቱ የሚመነጨው ከተወለደበት አገር አይደለም፤ ከዚህ ጠባዩ ነው። ጠባዩን አንድ ጊዜ ካወቅን በኋላ የትም ቢወስዱት፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ሆስፒታል፣ ምን ሊሆን እንደሚችል እየገመትን አስቀድመን መሳቅ እንጀምራለን። የሚመላለስ ሰው ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው ይለወጣል፣ ሰዎቹ ይለወጣሉ፣ ያ አንድ ግትር ጠባይ ግን አይለቅም።

በእኛም አገር ይህ ጠፍቶ አያውቅም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ጥንድ ጥንድ ሆነው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ቤቱ ይስቅ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚመጣውን ነገር መጠበቁ ራሱ ያስቅ ነበርና። ቀልድ ባይባልም አባባ ተስፋዬን እዚህ ላይ አለማንሣት አይቻለኝም፤ ተስፋዬ ሣህሉ በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ሰላም ሲሉን መልስ የማይሰጥ ልጅ አልነበረም። አንድ ሰው በተደጋጋሚ እየመጣ የቤተሰቡ አባል ይሆናል። እንግዲህ ቤተሰባችን ውስጥ የምታስገቡት ሰው ማን እንደሆነ ብንጠይቃችሁ መብታችን ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። በክበባችን ከመንዝ ደጋ የመጣች ተማሪ አለች። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቋን ከቤቷ ታመጣለች። ሰው የማስመሰል ተሰጥዎዋ እኔ ካስተማርኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። የዳኛ አቀማመጥ፣ የነጋዴ ሳል፣ የአማች መሽኮርመም፣ የፈለጋችሁትን ስጧት፤ በአንድ የዓይን ዕይታ ታመጣዋለች። ይህች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ሰሞን በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ምንባብ ስታነብ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ በዚያች የቴሌቪዥን የቤት ሠራተኛ ድምፅ መለሰላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አላነበበችም። ክበቡ ድራማ ሲያዘጋጅም የቤት ሠራተኛዋን ማን ትጫወት ሲባል ሁሉም ጣት ወደ እሷ ተቀሰረ። ልጆቹን ክፉዎች ናቸው አልልም። በየሳምንቱ ያዩትን ነው ያደረጉት። ያን ድምፅ ያስተማራቸው እኔ አይደለሁም፣ ወላጆቻቸውም አይደሉም።

ሌላም ላክል። አንድ የዝግጅት ቡድን የበዓል ጭውውት ሊቀርጽ ወደ አካባቢያችን መጥቶ የአገሩን ሰው ይፈልግ ነበር። ወጣቶቻችን ደስ ብሏቸው ሄዱ። የተሰጣቸው የተቀደደ ጋቢ ነበር፤ አንዱ ወጣት ተፈጥሯዊ በሆነው አነጋገሩ ሲናገር፣ አገርኛ አልሆነም፣ አፍህን ከበድ አድርገው ተባለ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ አፉ፣ የአገሩን ሰው መምሰል አልቻልህም ተባለ። የቡድኑን ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ ነገሩ በአንድ ቡድን የቆመ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

መልሳችሁን እገምታለሁ። ተመልካቹ ወዶታል፤ ገበሬው ራሱ ከማንም በላይ ይስቃል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይስቃል። ሳቁን ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ብዙው ተሳፋሪ የገጠር ሰው በሆነበት፣ እነዚህ ጭውውቶች ሲታዩ ሳቁ የት ላይ እንደሚበረታ አስተውዬአለሁ። ባላገሩ ወረቀቱን ሲበላ ፈገግታ ነው። ባላገሩ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ያን ባለ ከረባት አፉን ሲያስይዘው ግን አውቶቡሱ ይናወጣል፤ ሰው የጎረቤቱን ጭን እየመታ ይስቃል፣ አባባሉን ለሌላው እየደገመ ይቀባበለዋል። እንዲህ ያለው ቅጽበት በሥራዎቻችሁ ውስጥ አልፎ አልፎ አለ። ለምን አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል?

አነጋገርን መጠቀም ነውር ነው እያልሁም አይደለም። ይህ እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ካሮል በርኔት የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 በስሟ የተሰየመ የጭውውት ዝግጅት ነበራት። በዚያ ውስጥ ዩኒስ የምትባል ሴት ትመላለስ ነበር፤ ኑሮ ያልተሳካላት፣ ከእናቷና ከባሏ ጋር ስትነታረክ የምትውል፣ ዝነኛ የመሆን ምኞት ያላት ተሰጥዎው ግን የሌላት ሴት። በርኔት የተወለደችው ቴክሳስ ነው፤ ዩኒስንም በዚያው አገር አነጋገር ተጫወተቻት። እናትየዋን የምትጫወተው ቪኪ ሎውረንስ ከበርኔት በ16 ዓመት ታንሳለች፤ ይህ ራሱ ምን ያህል ተዋንያን እንደነበሩ ይናገራል። ያ አነጋገር ማንንም ለማሳነስ አልዋለም፤ ሴትዮዋ የምትቆጣበት፣ የምታለቅስበትና የምታልምበት አፍ ነበር። በዩኒስ እየሳቁ ሳለ በድንገት ማዘን ይመጣል። ጭውውቱ ከቆመ በኋላ እንኳ ቤተሰቡ ስላልተረሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እናትየዋ ዋና የሆነችበት ራሱን የቻለ ተከታታይ ድራማ ተሠራለት። እናንተ ካላችኋቸው ባላገሮች መካከል የራሱ ተከታታይ ድራማ ሊወጣለት የሚችል አንድ ሰው አለ?

ሳቅ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከሁላችን በላይ የሚያውቀው አስቂኙ ራሱ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ቀልደኛ ዴቭ ሻፔል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ዝግጅት በአሜሪካ እጅግ ከተወደዱት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስተኛውን ዙር እየቀረጸ ሳለ፣ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ትቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ብዙ ነገር ተወራበት። በኋላ ራሱ ሲያስረዳ፣ ስለ ጥቁሮች የሚያላግጥ ጭውውት ሲቀረጽ በቦታው ከነበሩት አንዱ የሳቀው ሳቅ እንደረበሸው ተናገረ፤ አብሮት ሳይሆን በእሱና በወገኖቹ ላይ እንደተሳቀ ተሰማው። እኔ ይህን ያህል ዋጋ ክፈሉ አልላችሁም። በቀረጻ ቦታችሁ የሚሰማውን ሳቅ ግን እንዲያ አድርጋችሁ ብታዳምጡት እወዳለሁ። የሚስቀው ማን ነው? በማን ላይ ነው? ከመንዝ የመጣች ልጅ እዚያ ብትቆም አብራ ትስቅ ነበር?

ገጸ ባሕርይን ማሳረፍም የደራሲው መብት ነው። እንግሊዛዊው ሃሪ ኤንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የገንዘብ ጥቅል እያውለበለበ የሚፎክር አንድ የግድግዳ ልስን ሠሪ ፈጠረ። የዘመኑን ስግብግብነት ሊወቅስበት ነበር ሐሳቡ። ሕዝቡ ግን ሰውዬውን እንደ ጀግና ወሰደው፤ ጎረምሶች በየመንገዱ አባባሉን እየደገሙ ገንዘብ ያውለበልቡ ጀመር። ኤንፊልድ ይህን ሲያይ፣ ገጸ ባሕርዩ በዝናው ጫፍ ላይ እያለ ገደለው። የእኛን ስም የለሽ ባላገር ማንም በክፋት የፈጠረው አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ምን እየሠራ እንዳለ ካየን በኋላ እናሳርፈው። ብዙ ደክሟል።

ከዚያ በኋላ ማን ይምጣ ካላችሁኝ፣ ሰሜን ሸዋ ሰው አያጣም። ነገሩ በእርግጥ ከሩቅ የሚጀምር ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ኮሜዲ ነው፤ ደራሲውም የዚህ አገር ልጅ ናቸው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት በሰሜን ሸዋ ሲያ ደብር ነው፤ ሩሲያ ተምረው ተመለሱ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ በእንስሳት አፍ የዘመኑን ሹማምንት ብልሹነት የሚወቅስ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ተቆጥቶ አገደው። የመጀመሪያው ሳቃችን ወደ ላይ የተወረወረ ነበር፤ ባለ ሥልጣኑ ነው የተሳቀበት፤ ደሃው ገበሬ አይደለም።

የባላገሩስ የራሱ መድረክ? በቀድሞው ሙግት ሁለት ባላጋራዎች ዳኛ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን እየነቀነቁ፣ በግጥምና በምሳሌ ይጠያየቁ ነበር። በማር፣ በሙክት፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር። መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ከክርክሩ የተረፈች አንዲት ጥሩ ስንኝ በየጠላ ቤቱ ትውል ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩት ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ በቴሌቪዥን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መጨረስ የማይችል ሆኖ ሲቀርብ ያመኛል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ያቺ የመንዝ ልጅ በክበባችን የጻፈችውን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። መሐል ሜዳ አጠገብ የጓሳ ምድር አለ። ነዋሪው ይህን የሣር ምድር ከጥንት ጀምሮ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እንደሚባለው፣ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ማንም አያጭደውም፣ ከብት አያስገባበትም፤ ቀኑ ሲደርስ በጋራ ተወስኖ ይከፈታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የተረፉት በዚህ ጥበቃ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። የልጅቷ ገጸ ባሕርይ ይህን ምድር የሚጠብቁ አዛውንት ናቸው። በሠፈሩ ማን ማጭድ እንደሳለ በድምፁ ያውቃሉ። የእሳቸው ፍላጎት አንድ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ አንዲት ዘለላ ሣር እንዳትቆረጥ። ችግሩ የገዛ ቤታቸው ክዳን ያፈስሳል። ሚስታቸው በየክረምቱ ድስቱን ከጠብታ ሥር እያዞሩ ይነዘንዟቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል አማቻቸው ለሠርግ ዳስ ሊለምን ይመጣል። በሁለተኛው የነፍስ አባታቸው፣ ንስሐቸውን ከተቀበሉ በኋላ፣ ወሬውን ዞር አድርገው አንዲት ሸክም ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ከከተማ የመጣ ኃላፊ ለፎቶግራፍ ያህል ትንሽ ልጨድ ይላል። አዛውንቱ ለሁሉም እምቢ ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ግን በየማዕረጉና በየወጉ፣ በሌላ አፍና በሌላ ብልሃት። እሳቸው የሚናገሩት ልጅቷ በቤቷ የምትናገረውን አማርኛ ነው። ክበቡ ውስጥ ሲነበብ ያ ከኋላ ወንበር ያላገጠባት ልጅ አማቹን ካልተጫወትሁ ብሎ ለመነ።

እንዲህ ያለ ሰው በየአቅጣጫው አለ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ የመንዝ ወጣት አለች፤ ለእናቷ በስልክ ኃላፊ ሆኛለሁ ብላ ነግራለች፤ እናትየዋ ደግሞ ሥራሽን ካላየሁ እያሉ ቀን ይቆርጣሉ። የቢራ ገብስ የሚያስረክብ የጣርማ በር ገበሬ አለ፤ ገብሱ ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ራሱ ይመዘንልኝ ብሎ የሚከራከር። ቅጣት መዝግቦ የማይጠግብ የእድር ጸሐፊ አለ። የምንጃር ጤፍ ነጋዴ፣ የሸዋ ሮቢት ሎሚ ሻጭ፣ በውርጭ ጠዋት መናኸሪያ ላይ መንገደኛ የሚጣራ ረዳት፤ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሁሉም የየራሱ ግትር ነገር አለው።

ከዚህ የተነሣ የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ። የገጠር ሰው ስትጽፉ ከየት እንደመጣ ወስኑ፤ ከወሰናችሁ በኋላም ጽሑፉን የዚያ አገር ሰው ያንብበው፤ ላነበበበት ይከፈለው፤ ስሙም በዝግጅቱ መጨረሻ ከሌሎቹ ጋር ይውጣ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየከተማው ያሉ የቴአትር ክበባት ውስጥ ማንም ያላያቸው ተዋንያን አሉ፤ ለተመልካችነትና ለአጃቢነት ብቻ ሳይሆን ለዋናው ገጸ ባሕርይ ፈትኗቸው። የቤት ሠራተኛዋን ካመጣችኋት አንድ የምትፈልገው ነገር ስጧት፤ የማታ ትምህርቷ ይሁን፣ የምትሰበስበው ዕቁብ ይሁን፣ ከእመቤቷ ጋር ያላለቀ ሒሳብ ይሁን። አንዳንድ ጊዜም ታሸንፍ። ተመልካቹ የሚወደውን ከአውቶቡሱ ነግሬአችኋለሁ።

የጣቢያ ኃላፊዎችንም ለብቻ የምለምናችሁ ነገር አለ። ደራሲው ሦስትና አራት ቀን ብቻ ተሰጥቶት የበዓል ጭውውት ጻፍ ከተባለ፣ በእጁ የሚያገኘው ያው የቆየ አልባሳት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በደራሲውና በተዋናዩ ላይ መጣል አልችልም። አንድ ሰው ተጉዞ አንድ ሳምንት ገበያ ውስጥ እንዲቀመጥ ጊዜና የጉዞ ወጪ መስጠት በእናንተ እጅ ነው።

ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ብዙ አይቷል። ከተሞች ተቃጥለውበታል፤ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። የተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ከእነሱ መካከል ናቸው። ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው መሳቅ ይፈልጋሉ፤ ይገባቸዋልም። በዚያች ሰዓት የሚያዩት ሰው የአባታቸውን ጋቢ ለብሶ ወረቀት የሚበላ እንዲሆን አልፈልግም።

የጓሳው አዛውንት ሦስት ክፍሎች ተጽፈው አልቀዋል፤ አራተኛው በመጻፍ ላይ ነው። ማንበብ ለሚፈልግ ጣቢያ ያለ ክፍያ እንልካለን። ለመቅረጽ የሚፈልግ ካለ የጸሐፊዋ ስም እንዲወጣ፣ አዛውንቱንም የመንዝ ሰው እንዲጫወታቸው እንጠይቃለን፤ ከሁለቱ በቀር ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለንም። የፋሲካ ዝግጅታችሁን መጻፍ ሳትጀምሩ መልሳችሁ ቢደርሰን፣ ክበቡ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባልና ለተማሪዎቹ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ መምህርና የድራማ ክበብ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ